ጎርፍ የተሻገረው የጨረታ ፖስታ

ከደሴ መነሳት

ከደሴ መናኸሪያ የወልድያን ሚኒባስ የያዝኩት ጭጋጉ ገና ከጦሳ ተራራ ራስ ላይ ሳይነሳ ነው። የመስከረም መገባደጃ ነበር። በቦርሳዬ ቅያሪ ልብስ፣ ሜትር፣ ካልኩሌተርና ከቆቦ የተገዛ የጨረታ ሰነድ ይዣለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ኑሩ አንድ ትንሽ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት አለችን። እኔ መሐንዲሷ ነኝ፣ እሱ ሠራተኛውንና ማሽኑን ይመራል። ከግንቦት ወዲህ ሥራ አልያዝንም። የሲሚንቶ መቀላቀያ ሚክሰራችን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ግንበኞቻችንም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰው ሥራ መሄድ ጀምረዋል። ቆቦ ላይ የወጣው የድልድይ ጨረታ ለእኛ ዓይነቱ ድርጅት በልክ የተሰፋ ነበር። ሰነዱ ግን ዋጋ ከመሙላት በፊት ቦታውን ሄዶ ማየትን ያዛል።

«ሐያት፣ ይህን ሥራ ይዘሽ ካልመጣሽ ሚክሰሩን መሸጣችን ነው» አለኝ ኑሩ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቦርሳዬን እያቀበለኝ። ሲቀልድ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ አልቀለደም።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማታ ደውለን አረጋግጠናል። ሐይቅን አልፈን፣ ውጫሌን አልፈን፣ መርሳ ላይ ሾፌሩ ለፍራፍሬ ቆመ። ሴቶቹ ፓፓያና ማንጎ በሳፋ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። በመቶ ብር ሁለት ፓፓያ ገዛሁ፤ አንዱን እዚያው አጠገቤ ከተቀመጠች እናት ጋር ተካፍለን በላን።

ከወልድያ ወደ ቆላው

ወልድያ መናኸሪያ የቆቦ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ልጄ፣ አንቺም ለድልድዩ ነው?» አለኝ። ዞር ስል ጋሽ አያሌው ናቸው።

ጋሽ አያሌው የወልድያ ተቋራጭ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መጀመሪያ የቀጠሩኝ እሳቸው ሲሆኑ፣ ቦይ እንዴት እንደሚቆፈርና ሠራተኛ እንዴት እንደሚያዝ የተማርኩት በእሳቸው ሥራ ላይ ነው። አሁን ሁለታችንም አንድ ሳጥን ውስጥ ፖስታ ልንከት እየሄድን ነው።

«ለድልድዩ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ዋጋሽን እንዳላይብሽ ራቅ ብዬ ልቀመጥ» ብለው ሳቁና አጠገቤ ተቀመጡ።

ከወልድያ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ሹራቤን አወለቅሁ። ጎብዬን አልፈን ሮቢት ስንደርስ ሜዳው ተከፈተ። እኔ የተራራ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ላይ ዓይን ብዙ ሳይሄድ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል። እዚህ ግን ማሽላው ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነስቶ በስተምሥራቅ እስከ ዞብል ተራሮች ሥር ድረስ ያለማቋረጥ ይሄዳል። ከማሽላው በላይ በየቦታው የእንጨት ማማ ቆሟል፤ በየማማው ላይ ሰው አለ፣ ወፍ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲያልፍ ሜዳው ሁሉ አንድ ላይ ዘንበል ይልና አንድ ላይ ይቃናል። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ስቀር ጋሽ አያሌው «እህል ሲያይ የሚፈዝ መሐንዲስ አንቺን አየሁ» አሉኝ።

ቦታውን ማየት

ቆቦ ስንገባ እኩለ ቀን ሆኗል። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ፣ ጋሪና ከዋጃ የሚመጣ ሚኒባስ ይጋፋሉ። የማሽላ እንጀራ በፍየል ጥብስ በላን። ሂሳቡን ጋሽ አያሌው ከፈሉ፤ እምቢ ብል «ነገ ካሸነፍሽኝ ትጋብዢኛለሽ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ባጃጅ በሦስት መቶ ብር ተኮናትረን ወደ ምሥራቅ ሄድን።

ድልድዩ የሚሠራበትን ወንዝ ሰዉ «አሸዋው» ነው የሚለው። ስሙ ልክ ነው፤ ስናየው ጠብታ ውኃ አልነበረበትም። ነጭ ሰፊ አሸዋ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ በሜዳው መሐል ይሄድና አንድ ቦታ ላይ በሁለት ጥቁር ቋጥኞች መካከል ይጠባል። ድልድዩ የታሰበው እዚያ ጠባቡ ላይ ነው። በወዲያ በኩል ትልቅ የገበሬ ቀበሌ አለ፤ ገበያቸውም፣ ሐኪም ቤታቸውም በወዲህ በኩል ቆቦ ነው።

የመንገድ ኮሚቴው ሁለት ሰው ልኮ ጠበቀን። አንደኛው ሼህ አራጋው ናቸው፤ ከወዲህ ማዶ ያሉ፣ ጢማቸውን ሒና የቀቡ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ዝናሽ ትባላለች። ከወዲያ ማዶ ናት፤ አርባዎቹን የተሻገረች፣ ፀሐይ የጠበሳት ቀጭን ሴት። ወገቧ ላይ ወንጭፍ ታጥቃለች። ከማሽላ ጥበቃ ነው በቀጥታ የመጣችው። አንቱ ብላት «ተይ እቴ፣ ዝናሽ በይኝ» አለችኝ።

ሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ ያዘችልኝ። ቋጥኙን፣ የአሸዋውን ጥልቀት፣ ድንጋይ የሚመጣበትን መንገድ ሁሉ አየን። መጨረሻ ላይ ውኃው የሚደርስበትን ምልክት ጠየቅኋት። ከራሴ እጅግ ከፍ ያለ የግራር ቅርንጫፍ አሳየችኝ። ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ገለባና የጨርቅ ብጣሽ ተጠምጥሞ ተሰቅሏል።

«እዚያ ድረስ?» አልኳት።

«ባሌን የወሰደው ጊዜ እዚያ ድረስ ነበር» አለች። «ጨው ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ነው። ጎርፉ ከኋላው ሲመጣ አልሰማውም።»

ሼህ አራጋው «አላህ ይማረው፤ ደግ ሰው ነበር» አሉ። እሷም ሜትሩን ጠቅልላ ሰጠችኝና ወደ ማማዋ ሄደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። ጋሽ አያሌው ግን ወዲያ ማዶ አማች አላቸው። «እዚሁ አድሬ ዋጋዬን ሞልቼ፣ ጠዋት በእግሬ ተሻግሬ እመጣለሁ» አሉ። ደረቅ አሸዋ ነው፤ ማንም ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር።

ጎርፉ

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፖስታዬን በሰም አሽጌ፣ ኦሪጅናሉን ለብቻ ኮፒውን ለብቻ አድርጌ፣ ወረዳው ግዥ ክፍል ሄጄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። የግዥ ባለሙያው ደሳለኝ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። «ሳጥኑ የሚታሸገው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለኝ። «እስካሁን ያስገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከቢሮው ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አያሌው ናቸው፤ ከድምፃቸው በስተኋላ ከባድ ጉርምርምታ ይሰማል።

«ሐያት፣ አሸዋው ሞላ! ተራራው ላይ ዘንቦ አድሯል መሰለኝ። መሻገር አልቻልኩም። እባክሽ ግዥ ክፍል ሄደሽ ንገሪልኝ፣ ሰዓቱን ይግፉልኝ።»

ለደሳለኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ባዝንላቸውም አልችልም። ሰዓቱ በማስታወቂያ የወጣ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ብገፋው ነገ ሌላው ይከሰኛል፤ እውነቱንም ነው።»

«አንድ ፖስታ ብቻ ከገባስ?»

«ኮሚቴው ያየዋል። ዋጋው ተገቢ ነው ካለ ሊቀጥል ይችላል፤ አይሆንም ካለ ሰርዞ በድጋሚ ያወጣል።»

ደረጃውን ስወርድ ሒሳቤን በልቤ ደገምኩት። ዋጋዬ ተገቢ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚክሰሩን አሰብኩ፣ የኑሩን ፊት አሰብኩ። ማንም ምንም ሳያደርግ ሥራው ወደ እኔ እየመጣ ነው። ሆኖም ሆቴሌ መግባት አልቻልኩም። ትናንት የለካሁትን ቦታ ውኃ ሲሞላው ማየት ፈለግሁና ባጃጅ ያዝኩ።

ገና ሳንደርስ ድምፁ መጣ። ብዙ ከባድ መኪና ተከታትሎ ዳገት ሲወጣ እንደሚሰማው ነው፤ መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አየሁት። ትናንት በእግሬ የረገጥኩት አሸዋ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ውኃ፣ ወፍራም፣ ጭቃና ድንጋይ የተሸከመ፣ አረፋውን እየወረወረ ይወርዳል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ቆሞ ሲሄድ አየሁ። ትንሽ ቤት የሚያክል ድንጋይ ከሥር ሲንከባለል አይታይም፣ ግን ቋጥኙን ሲመታው ድው ይላል፤ ድምፁም በደረቴ ውስጥ ያልፋል። በላያችን ግን ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ወፎቹ በማሽላው ላይ ይጮሃሉ፤ ፀሐይ ታቃጥላለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በአምስት ዓመት ትምህርቴ የጎርፍ ስሌት ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ውኃ በቁጥር ነበር የማውቀው። እዚያ ቆሜ ቋጥኙን ያዝኩ።

«ሱብሐነላህ» አሉ አንድ ሰው አጠገቤ። ሼህ አራጋው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ወደ ማዶ መሻገር ያልቻሉ ብዙ ሰዎች ቆመዋል። በወዲያ በኩልም እንዲሁ፦ ሽንኩርት በጆንያ የጫኑ አህዮች፣ ወደ ገበያ የወጡ ሴቶች፣ ጨው ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ አንድ አፋር ከነግመሎቹ። በመካከላቸው ጋሽ አያሌው ቡናማ ፖስታቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። ብንጮህም አንሰማማም። ደወልኩላቸውና ደሳለኝ ያለውን ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ያንቺ ሆነ፣ ልጄ» አሉኝ። በድምፃቸው ቂም አልነበረም፤ ያ ነው የከበደኝ።

ስልኩን ከእጃቸው ዝናሽ ተቀበለች። «ሐያት፣ ስሚኝ። ባለፈው ጊዜ ለዚህ ድልድይ አንድ ሰው ብቻ መጥቶ ጨረታው ተሰረዘ። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ። አሁንም አንድ ፖስታ ብቻ ከሆነ ይሄው ነው። አንቺን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ዋጋው ሁለት ይሁንና ከሁለቱ ይምረጡ። ይህን ፖስታ እኔ አሻግረዋለሁ፤ እናንተ ተቀበሉን።»

«እንዴት አድርገሽ?» አልኳት።

«ጠባቡ ላይ ኑ» አለችና ዘጋችው።

ወንጭፉ

በሁለቱ ቋጥኞች ላይ ፊት ለፊት ቆምን። ዝናሽ ከአንድ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ሲባጎ ፈትታ፣ ቀጣጥላ፣ ጫፉን ከአንድ ክብ ድንጋይ ጋር አሰረች። ሲባጎውን እንዳይጠላለፍ መሬት ላይ በክብ በክቡ አጣጠፈችው። ከዚያ ወንጭፏን ከወገቧ ፈታች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ውኃው መሐል ወደቀ፤ ጎርፉ ሲባጎውን ነጥቆ ሊወስደው ሲል በስንት መከራ መልሰው ጎተቱት። ሁለቱም ዳር አዘነ። እሷ ማንንም አላየችም። ወደ ቋጥኙ ጫፍ ወጥታ እግሯን አመቻቸች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወንጭፉን ከራሷ በላይ ታሽከረክር ጀመር፤ ሹ ሹ የሚለው ድምፅ በጎርፉ ጩኸት ቢዋጥም ክንዷ ሲዞር ይታየኛል። ለቀቀችው። ድንጋዩ በፀሐይ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ መጣ፤ ሲባጎው እንደ ሸረሪት ክር ከኋላው እየተጎተተ በራሳችን ላይ አልፎ ማሽላው ውስጥ ወደቀ።

የተነሳውን እልልታ መግለጽ አልችልም። ውኃው ራሱ ለአፍታ ዝም ያለ መሰለኝ።

ከወዲያ ማዶ አፋሩ ነጋዴ ግመሎቹን አንበርክኮ ጭነቱን ያሰረበትን ገመድ መፍታት ጀመረ። ማንም አልጠየቀውም፤ ጨረታ ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነም እንጃ። ገመዱ በሲባጎው እየተሳበ፣ ሌላ ሲባጎም አስከትሎ ተሻገረ፤ በሁለቱም በኩል ከግራር ግንድ ጋር ታሰረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀትር አለፈ። ፖስታው በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ አፉ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ገባና በእጀታው ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። በእኛ በኩል ያሉት ቀስ አድርገው በሁለተኛው ሲባጎ መሳብ ጀመሩ።

መሐል ላይ ሲደርስ ገመዱ ረገበ። ከላይ አንድ ትልቅ ግንድ እየተገለባበጠ ሲመጣ ሁላችንም አየነው። ጀሪካኑ ውኃውን ሊነካ ስንዝር ያህል ቀርቶታል።

«ገመዱን ወጥሩ! ሰው አነሰ!» ብለው ጮኹ ሼህ አራጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ገመዱን ያዢ። ፖስታውን ግን አትንኪ፤ አንቺ ተወዳዳሪ ነሽ።»

ያዝኩ። ማሰብ የምችልበት ጊዜ ቢኖረኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ እጄ ግን ገመዱ ላይ ነበር። ከፊቴ ባጃጁን የነዳልኝ ሰው፣ ከኋላዬ የማላውቃቸው ገበሬዎች፣ ተረከዛችንን አሸዋው ውስጥ ቀብረን ወደ ኋላ ተጋደምን። ገመዱ መዳፌን ላጠው። ግንዱ ከጀሪካኑ ሥር እየተፈናጠረ አለፈ። ስንት ሰው እንደጮኸ እንጃ፤ እኔም ጮኼ ነበር።

ጀሪካኑ ሲደርስ ሼህ አራጋው በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ቢስሚላህ» ብለው ፈቱት። ፖስታው እንደደረቀ፣ ሰሙም እንዳለ ነው።

ሳጥኑ

ባጃጁ ውስጥ ሼሁ ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ልጅ ይዘውት ሄዱ። ግዥ ክፍል ስንደርስ ደሳለኝ የማሸጊያውን ወረቀትና ማህተም ይዞ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል። ሰዓቱን አየ፤ ጥቂት ደቂቃ ይቀራል። ፖስታውን አገላብጦ ማሸጊያውን መረመረ፣ ከማን እንደመጣ ጠይቆ መዘገበ፣ ከዚያም ሼሁ ራሳቸው እንዲከቱት ፈቀደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሳጥኑን በፊታችን አሸገው።

መክፈቻው ላይ አዳራሹ ሞላ። ጭቃ የነካው ልብስ የለበሱ፣ ገና ላባቸው ያልደረቀ ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ደሳለኝ «ጨረታ መክፈት ለሕዝብ ክፍት ነው» ብሎ ወንበር አስጨመረላቸው። ብዙ ጨረታ ሲከፈት አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ እኛ ተቋራጮቹ ብቻ ነን፣ ዋጋ ሰምተን እንወጣለን። እዚህ ግን ሳጥኑ ሲፈታ አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ኮሚቴው ፖስታዎቹን ከፍ አድርጎ አለመከፈታቸውን አሳየ። ዋጋው ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ መጀመሪያ የእኔ፣ ከዚያ የጋሽ አያሌው።

የእሳቸው ያንስ ነበር። በብዙ አይደለም፤ ግን ያንሳል።

የተላጠው መዳፌ ያኔ ማቃጠል ጀመረ። ሼህ አራጋው ከአጠገቤ ጎንበስ ብለው «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ወደ ማታ አሸዋው ጎደለና ጋሽ አያሌው ተሻግረው መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አብረን እራት በላን። እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ «በአንቺ ቦታ ብሆን ገመዱን እይዝ ነበር ወይ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ» አሉ።

«ይይዙ ነበር» አልኳቸው።

«እንጃ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «እንጃ፣ ሐያት።»

ደሴ

በማግስቱ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ኑሩ ከፊቴ አነበበው። ሁሉንም ነገርኩት። ገመዱ ላይ ስደርስ ተነስቶ ቆመ።

«የተወዳዳሪሽን ፖስታ አንቺ ጎተትሽ?»

«ገመዱን ነው የያዝኩት።»

ግቢውን እየዞረ ብዙ ተናገረ። ከዚያ የጨረታውን ደንብ አውጥቶ ማንበብ ያዘ። ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፖስታውን ያስገቡት ሼሁ ውክልና አልነበራቸውም ብለን እንጻፍ አለ። ምናልባትም ያዋጣን ነበር። ቢያንስ ሥራው ለወራት ይቆም ነበር።

«ኑሩ፣ ውኃውን አላየኸውም» አልኩት። ከዚያ ስለ ዝናሽ ባል፣ ስለ ግራሩ ቅርንጫፍ ነገርኩት። ደንቡን አጥፎ አስቀመጠው፤ የቅሬታው ጊዜም ሳንጽፍ አለፈና ሥራው ለጋሽ አያሌው ጸደቀ። ሚክሰሩን አልሸጥንም፤ ለአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥራ አከራየነውና እሱ ነው ያን ወር ያሻገረን።

ከዚህ ጉዞ በፊት ጨረታ ማለት ለእኔ በቢሮና በተቋራጭ መካከል ያለ ወረቀት ነበር። ሥራው የሚሠራላቸው ሰዎች በሰነዱ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አይጠቀሱም። አሁን ዋጋ ስሞላ ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ የተጋደሙት ሰዎች ይታዩኛል፤ ድልድይ የሚጀምረው መሠረቱ ሲቆፈር ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም ያ ሲባጎ ትዝ ይለኛል።

በኅዳር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ዝናሽ ናት፤ ድምጿ ከሆነ ጩኸት ጋር እየታገለ ይመጣል።

«ሐያት! የት ነሽ? ስሚ እስቲ፣ ስልኩን ወደ ጠባቡ አዞርልሻለሁ።»

አዳመጥኩ። የገልባጭ መኪና ሞተር፣ የሰው ጩኸት፣ ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲራገፍ።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል» አልኳት፤ ድንጋዩም ገና እየወረደ ነበር።